ማስተካከያ፦ የእንግሊዝ መንደር ምክር ቤቶች ምልዓተ ጉባኤ

ስለ እንግሊዝ የመንደር ምክር ቤቶች (ፓሪሽ ካውንስል) ባወጣነው ጽሑፍ፣ ስብሰባ ለመጀመር ከግማሽ በላይ አባላት መገኘት አለባቸው ብለን ነበር። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የሚጠይቀው የአባላቱን አንድ ሦስተኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከ3 ሰው ማነስ የለበትም። ስለዚህ 12 አባላት ላሉት ምክር ቤት 4 ሰው ይበቃል፤ 5 ብቻ ላሉት ግን 3 ያስፈልጋል።

«ጥሪው ከ3 ቀን በፊት ይለጠፋል» ያልነውም ጎደሎ ነበር፤ ነዋሪውን የሚጎዳውም ይኸኛው ይመስለናል። የተለጠፈበት ቀን፣ የስብሰባው ቀንና እሑድ አይቆጠሩም። ለሐሙስ ስብሰባ ሰኞ የተለጠፈ ጥሪ ዘግይቷል። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።