ኪራይ የምትከፍል ድመት

ቨርጂኒያ ውስጥ በአፓርታማ ድመት ማኖር አብዛኛውን ጊዜ በነጻ አይደለም። የኛ አከራይ በየወሩ ከቤት ኪራዩ ላይ የድመቷን ደምሮ ይልክልናል። አይጥ የሚባል አይታ አታውቅም። ዓመት ከዓመት ሶፋ ላይ ተኝታ ነው የምትውለው። ኪራይ ግን ይከፈልባታል።

ይህን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለችው አክስቴ ስነግራት፣ "እኛ ዘንድ እኮ ደመወዝተኛ ናት" አለች። እውነቷን ነው። እህል ባለበት ቤት ድመት ሠራተኛ ናት። ቀን ጣሪያው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ ጓዳ ትገባለች። የማን እንደሆነች እንኳ በውል አይታወቅም። አንዱ ቤት ወተት፣ ሌላው ቤት ወጥ የነካው እንጀራ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ቅንጥብጣቢ አታጣም። "ውሮ" ያላት ሁሉ ባለቤቷ ነው።

ጉዱ የመጣው የልጄን ቪዲዮ ሳሳያቸው ነው። ልጄ ድመቷን በገመድ ይዛ መናፈሻ ውስጥ ታንሸራሽራለች። የአክስቴ ጎረቤት ሐጃ ስልኩን አስጠግተው አዩና "አስተግፊሩላህ! ድመት ይታሰራል?" አሉ። ሐዲሱንም ነገሩን። አንዲት ሴት ድመት ዘጋችባት። አላበላቻት፣ ወጥታ ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ በረሃብ ሞተች፣ ሴትዮዋም በዚያ ሰበብ ለእሳት ተዳረገች። አቡ ሁረይራ የሚባሉት የነቢዩ ባልደረባም መጠሪያቸውን ያገኙት ከድመት ግልገል ነው ብለው ጨመሩልን።

እንዲህ ለሚሉ ሴት ምን ይመለሳል? ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው አልኳቸው። በሩ ሲከፈት ግቢ የለም። ኮሪደር አለ፣ ሊፍት አለ፣ ከዚያ መኪና ነው። ገመዱ ከሌለ ድመቷ የሚቀራት መስኮት ብቻ ነው።

ማለማመዱ ራሱ ትዕግሥት ይጨርሳል። አንገቷ ላይ አይታሰርም። ድመት ስትደነግጥ ወደ ኋላ ስለምትጎትት ወይ ትታነቃለች፣ ወይ ሾልካ ትጠፋለች። ደረትና ሆዷን የሚይዝ ሃርነስ የሚባል ማሰሪያ አለ። ሁለት ጣት በሚያስገባ መጠን ይላላል። መጀመሪያ ምግቧ አጠገብ ይቀመጥና እንድታሸተው ይተዉላታል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ያለብሷትና የምትወደውን ይሰጧታል። ሲለብሷት ግን በጎኗ ዘፍ ትላለች፣ ወይም ደርቃ ትቀራለች። አክስቴ እዚህ ጋ "ገደላችኋት!" ብላ ጮኸች። ምንም አልሆነችም። ብዙ ድመት ያልለመደው ነገር ሰውነቱ ላይ ሲያርፍ እንደዚያ ያደርጋል።

ቀጥሎ ሰው እያያት ገመዱን ቤት ውስጥ እየጎተተች ትዞራለች። ውጭ ሲወጣ ደግሞ መሪዋ እሷ ናት። እንደ ውሻ ልጎትትሽ ቢሏት አትመጣም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም። ልጄ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተገትራ ትቆያለች፣ ድመቷ ቅጠል ታሸታለች፣ ይኼ ነው እንግዲህ ሽርሽሩ። ከቤት ስትወጣም በእግሯ አይደለም፣ በሳጥን ተሸክመው ነው። አለዚያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሮጣ ለመውጣት ትለምዳለች።

እንዲህ ስል ግን የደሴዋን ድመት ነጻነት ላወድስ አልተነሳሁም። አክስቴ ከዚህችኛዋ በፊት የነበረቻት ድመት መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው የሞተችው። መርዙን ማን አስቀመጠ? አልታወቀም፣ የጠየቀም የለም። የሁሉም የሆነች ድመት ስትሞት ቀባሪዋ እንጂ ጠያቂዋ አይገኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ 4 ወር የሞላት ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ አለባት፣ ሕግ ነው። ደሴ ውሻውን እንፈራለን። ድመትም በበሽታው ተይዛ ለሰው እንደምታስተላልፍ ግን ስንቶቻችን እናስባለን? ልጅ ነክሳ ስትሄድ "ድመት እኮ ናት" ተብሎ ይታለፋል። መታለፍ የለበትም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ደሴ ኮንዶሚኒየም ገብታለች፣ ሦስተኛ ፎቅ። እሷም ድመት አላት። የምትይዘው አይጥ የለም፣ የምትወጣበት ጣሪያም የለም፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደ ጦሳ ተራራ ታያለች። ቪዲዮውን አይታ "ለኔም አምጪልኝ" አለችኝ። የደረቷን ዙሪያ ከፊት እግሮቿ ኋላ በክር ለክተሽ ላኪልኝ አልኳት። አክስቴ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰባት። "ድመት አስረሽ ስትወርጂ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተከትሎሽ ነው የሚሄደው፣ ምን ልትዪ ነው?"