ጨለማውን መጽሐፍ ማን ያሳትመው?

ባለፈው ቅዳሜ ካፌ ተቀምጬ አንድ ወጣት ደራሲ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር አየሁ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተቀብላው ከጀርባው ያለውን አነበበች። «ያሳዝናል እንዴ?» አለችው። «አዎ፣ ከበድ ይላል» አላት። «እንግዲያው ይቅርብኝ ወንድሜ፣ ኑሮው ራሱ ይበቃኛል» ብላ መለሰችለት። ልጁ አመስግኖ ወደ እኔ መጣ። ገዛሁት።

ሴትየዋን አልፈርድባትም። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ የዋለች ሰው ማታ ሌላ ሐዘን ባትፈልግ አይገርምም። ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ምክንያቱም እኛ የምንወዳቸው፣ ለልጆቻችን የምናወርሳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ጨለማ ናቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ስንቱ ሰው አንብቦታል! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ሰማው። መጨረሻው እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው። በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ትመነኩሳለች፣ ርዕሱም የሚያልቅበትን አስቀድሞ ይነግራል። ያሳዝናል ብሎ ሬዲዮውን የዘጋ ሰው ግን አላውቅም። እናቴ ምስሯን እየለቀመች ታለቅስ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሳ እዚያው ቁጭ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ጨለማውን የለመድነው ከተረት ነው። መብራት ሲጠፋ አክስቴ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን፣ ከዚያ ጭራቁ ይመጣል። ሰው ይበላል፣ ድምፅ ይለውጣል፣ በር ያንኳኳል። ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን እየተንቀጠቀጥን «ድገሚልን» እንላለን። ፍርሃቱን ከሰው ጋር ሆነን ስለምንፈራው ደስ ይል ነበር። ይኼ ሁሉ ጭራቅ፣ ይኼ ሁሉ ዛርና ቡዳ እያለን በጽሑፍ የሚያስፈራ ልብ ወለዳችን ይህን ያህል ማነሱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ጨለማ መጽሐፍ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። የመጀመሪያው ዕትም አንድ ቅጂ አለኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስገዛው ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፤ አንዱ ጥግ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ታትሞበታል። ስከፍተው ሁልጊዜ የማስበው ያን ቡና የጠጣውን ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ደርግን ስላስቆጣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ ይኼን ቅጂ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ምን ያህል ደፋር ነበር? የት ደብቆት ይሆን?

«ኦሮማይ»ን ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መሆኑን ብዙ ወጣት አንባቢ አያውቅም። ኩራዝ የመንግሥት ነበር፤ ሳንሱሩም ቀልድ አልነበረም። ያ ዘመን ይመለስ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ግን ኩራዝ አማረ ማሞን የመሰሉ አርታኢዎች ነበሩት። ረቂቅህን መስመር በመስመር የሚያይ፣ «ይኼ ገጸ ባሕርይ እዚህ ጋ ለምን ዝም አለ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ነበር። ሳንሱሩ ሲሄድ እሰየው አልን። አርታኢው አብሮ ሲሄድ ግን ብዙም ልብ አላልነውም።

ዛሬ ደራሲው ሁሉንም ራሱ ነው። ጽፎ ይጨርሳል፣ ሽፋን ያሠራል፣ ለማተሚያ ቤት ቅድሚያ ይከፍላል። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዶላር ሲወደድ ዋጋው ይንራል፤ ትናንት የተነገረህ ዋጋ ነገ ላይኖር ይችላል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከተሸጠ በኋላ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለአንድ አከፋፋይ መጽሐፉን አስረክቦ ሂሳቡን ሳያገኝ ሁለት ዓመት ተመላልሷል። በመጨረሻ የተረፉትን ቅጂዎች በታክሲ ጭኖ ወደ ቤቱ መለሳቸው። አሁን አልጋው ሥር ናቸው።

በዚህ ላይ ቴሌግራም አለ። መጽሐፉ ከወጣ ወር ሳይሞላው ፒዲኤፉ ይለቀቃል። ከገበያ የጠፋ፣ ዳግም ያልታተመ የድሮ መጽሐፍ ፍለጋ ቴሌግራም የሚገባ ሰው አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ችግሩም ይገባኛል። ተበድሮ ያሳተመን ልጅ የወር ዕድሜ ያለው መጽሐፍ በነፃ ማውረድ ግን ከኪሱ መውሰድ ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

እንዲህ ሲሆን ደራሲው ወደሚሸጠው ቢያዘነብል ይገርማል? በሰባት እርምጃ ሀብታም ስለመሆን፣ ስለ አስተሳሰብ ለውጥ ይጽፋል። እነሱም አንባቢ አላቸው፣ ይኑራቸው። ገንዘቡን ጨለማ ልብ ወለድ ላይ የሚያፈስ ሰው ግን አትርፍበታለሁ ብሎ አይደለም። ታሪኩ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። እዚህ ላይ ነቢይ መኮንን ትዝ ይለኛል። በደርግ እስር ቤት ሆኖ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። በሲጋራ ወረቀት! ወረቀቶቹ በብልሃት ወጥተው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። አሳታሚ አልነበረውም፣ ወረቀት አልነበረውም፤ መጽሐፉ ግን አለ።

የካፌውን ልጅ መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። የሆስፒታል አስከሬን ክፍል የሚጠብቅ ዘበኛ ታሪክ ነው። ሰውዬው ሌሊት ሌሊት ቤተሰብ ያልመጣላቸውን ሟቾች በስም እየጠራ ያዋራቸዋል። ስም የሌላቸው ሲመጡ ራሱ ያወጣላቸዋል። ከዚያ አንድ ሌሊት አንዷ ትመልስለታለች። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ አላነበብኩም። ግን ደግሞ ፊደል ግድፈቱ ብዙ ነው። የዘበኛው ሚስት መጀመሪያ አስቴር ነበረች፤ ገጽ 87 ላይ አልማዝ ሆና መጣች። አንድ አርታኢ አንድ ሳምንት ቢቀመጥበት ኖሮ!

በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ደራሲዎቻችን ስልካቸውን መጽሐፉ ላይ ያሰፍራሉ። ደወልኩለት።

«ገጽ ስንት አሉኝ ጋሼ?» አለ።

«ሰማንያ ሰባት።»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። «ያነበበልኝ አጎቴ ብቻ ነው። እሱም ዓይኑ ደከም ብሏል። ሁለተኛ ዕትም ከመጣ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። ትንሽ ዝም አለና «ሴትዮዋ የምትመልስበት ቦታስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያስፈራል?»

መብራቱን ሳላጠፋ እንደተኛሁ ነገርኩት።

«እውነት?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ አራቅ አድርጎ እዚያ ቤት ላለ ሰው «ፈርተዋል!» ሲል ሰማሁት።