ሳንባውን ጥሬ አትስጡ

ስለ ውሻ አመጋገብ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ውሻን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ ጥሬ ሥጋ ማሸጋገር እንደሚቻል ይመክራል። ቀስ በቀስ የሚለው ትክክል ነው፤ ምግብ በአንዴ ሲቀየርባቸው ውሾችን ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ግን ለእኛ አገር ዋናው ነገር ተዘሏል።

እኔ ጅማ ነው የምኖረው። ለውሻዬ ከሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት እያመጣሁ ጥሬውን እሰጣት ነበር። አንድ ቀን ሳንባውን ስቆርጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት አገኘሁ። የእንስሳት ሐኪም ሲያስረዳኝ በጣም ደነገጥኩ። እብጠቱ የትል እጭ ነው። ውሻዋ ከበላችው አንጀቷ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል። ፀጉሯ ላይም ይቀራል። ልጅ ደባብሷት እጁን ሳይታጠብ ከበላ፣ እብጠቱ እሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ልጆች ላሉን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

አሁን ሆድ ዕቃውን ቢያንስ 30 ደቂቃ እቀቅለዋለሁ። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒትም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ እሰጣታለሁ። የተቀቀለ አጥንት ግን አትስጡ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እብጠት ያለበትን ሳንባ ደግሞ ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ የሰፈር ውሾች ያገኙታል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።