አምስት ሰው፣ አንድ ስልክ

ባለፈው ክረምት ለሦስት ሳምንት ባሕር ዳር ነበርኩ። አመሻሽ ላይ ከእህቴ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር ካለች አንዲት ካፌ እንቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ያለውን የካርታ ጨዋታ አየና «ጋሼ፣ እስቲ ይሄ እንዴት ነው?» አለኝ። ሰጠሁት።

ጨዋታው ሃርትስቶን ይባላል። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው። ሁለት ሰው በኢንተርኔት ይገናኛል። እያንዳንዱ አስቀድሞ የመረጣቸውን 30 ካርታዎች ይዞ ይገባል፤ ነፍሱም 30 ነው። የሌላውን ነፍስ የጨረሰ ያሸንፋል። በየተራው 75 ሰከንድ ይሰጥሃል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል መሐል ላይ የተዘረጋ ገመድ መንደድ ይጀምራል።

ያች ገመድ ስትነድ አምስት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይጯጯሁ ጀመር። «ትልቁን ጣለው!» ይላል አንዱ። «ቆይ እንጂ፣ የያዘውን መች አወቅክ?» ይላል ሌላው። ስክሪኑን የሚነካው የእህቴ ልጅ ብቻ ነው። የሚጫወቱት ግን አምስቱም ናቸው። ኮንከር ሲጫወቱ ከጀርባ ቆሞ የሚመክር ሰው ሁሌም አለ አይደል? እሱን ወደ ስልክ አመጡት።

እኔ ሚኒያፖሊስ ነው የምኖረው። በብርዱ ወራት ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ይህንኑ ጨዋታ ሲጫወት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔም እየተጫወትኩ ነው። አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። እዚህ የሰው ስልክ አንገት አስግጎ ማየት ነውር ነው። ሰው መገናኘት የፈለገ የወረቀቱን ካርታ ይዞ ይወጣል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ማጂክ እስከ ዛሬ አርብ ማታ በየጨዋታ መደብሩ ሰው ይሰበስባል። የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ካርታ በውዘው፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ደስ ይላል። ስልኩ ግን የብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያየሁት ስልኩ ራሱ ጠረጴዛ ሲሆን ነው።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ጠየቀኝ፤ «ለእኛ የትኛው ይሻላል? ለጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ሌላ አይደለም።»

እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው የታወቀ ነው። ሥዕሉ የሚያምር፣ ብዙ ተጫዋች ያለው፣ ካርታ በነፃ የሚሰጥ እላለሁ። እዚያ ስሆን ይህ መልስ አልሠራ አለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ኔትወርኩ ነው። ማጂክ በስልክም አለ፤ አሬና ይባላል። በ60 ካርታ ነው የሚጫወቱት፤ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች ከተገናኙ ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ሃያ ደቂቃ ለፍተህ ኮኔክሽን ተቋርጦ ቶሎ ካልተመለሰ ተሸነፍክ ማለት ነው። ማርቭል ስናፕ የሚባለው ሌላ የስልክ ካርታ ጨዋታ ግን 12 ካርታና ስድስት ተራ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቢቋረጥም የሚቆጭህ ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ «ስናፕን አውርድ፤ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ፓኬጅህን እንዳትጨርስበት» አልኩት።

ስለ ስናፕ አንድ ነገር አጫወትኩት። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ላይ አሜሪካ ውስጥ ድንገት ተዘጋ። አሳታሚው የቲክቶክ ባለቤት የባይትዳንስ ስለነበር በቲክቶክ ላይ የወጣው ሕግ እሱንም ነካው። ጠዋት ስከፍተው የለም። የሰበሰብኩት ካርታ ሁሉ የእኔ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ እኔ ግን በጣም ተናድጄ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝ። «እኛ'ኮ ወራት ነው የቆየነው» አለ። እውነቱን ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እኔም ለእህቴ የምደውለው በኢንተርኔት ነበር። ያን ጊዜ አስታውሼ አፈርኩ።

ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። እነዚህ ጨዋታዎች በነፃ ይገባሉ። የተሻለ ካርታ በፍጥነት የፈለገ ግን ምን እንዳለበት ሳያውቅ እሽግ ይገዛል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጥ እንዲህ ያለ የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብላለች፤ እኔም የምስማማው ከእሷ ጋር ነው። 10 ዶላር እዚህ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው እስከ ሐምሌ 2016 ነው። ዛሬ 10 ዶላር ከ1,000 ብር በላይ ነው። በዚያ ላይ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም የባንክ ካርድ እነሱ ዘንድ የለም። የለም መባሉ በዚህ ጉዳይ ደስ አለኝ። አምስቱንም «አንድ ብር እንዳታወጡ» ብያቸዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

አንደኛው ልጅ «ካርታውን እርስ በርስ መለዋወጥ ይቻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚህ ጨዋታ ዘር በእንግሊዝኛ «ትሬዲንግ ካርድ ጌም» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከመለዋወጥ ነበርና። እኛ ልጅ ሆነን ቆርኪ እንለዋወጥ ነበር፤ ሁለት አሮጌ በአንድ አዲስ። ሃርትስቶን ላይ ይህ የለም። የማትፈልገውን ካርታ አፍርሰህ በትርፉ ሌላ ትሠራለህ እንጂ ለጓደኛህ አትሰጥም። ነገር ግን አንድ የምወደው ነገር አለው። ከጓደኛህ ጋር ለወዳጅነት ስትጫወት የእሱን ዴክ፣ ማለትም አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ሙሉ ጥቅል፣ መዋስ ትችላለህ። ምንም የሌለው ልጅ ሁሉ ካለው ሰው ጋር እኩል ሆኖ ይገባል።

ለዚህ ሲል የእህቴ ልጅ ሃርትስቶንንም ጫነው። በአዘቦት ቀን ስናፕ ይጫወታሉ። እሑድ እሑድ እኔ ጋ ጠዋት፣ እነሱ ጋ አመሻሽ ሲሆን ዋይፋይ ያለበት ተሰብስበው ይደውሉልኛል። የሰዓት ልዩነታችን እንደ ወቅቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኔን ዴክ ይዋሳሉ፤ ስልኩን ላውድ ላይ ያደርጉታል። ገመዷ መንደድ ስትጀምር አምስቱም ድምፅ ይሰማኛል፤ ከጀርባ ደግሞ የሲኒ ኳኳታ።