የቱን ላስቀድም?

ዛሬስ በቃኝ! የሥራ ማመልከቻ ስሞላ አመሸሁ። የመጨረሻው ጥያቄ «አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግሃል?» ይላል፤ ቀጣሪው ለቪዛህ ማመልከት ይኖርበታል ወይ ማለቱ ነው። እውነቱን «አዎ» አልኩ። ላፕቶፑን ሳልዘጋ «እናዝናለን» የሚል ኢሜይል መጣ። ሲቪዬን ማን አነበበው?

አሜሪካ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ መማር እንዲህ ነው። ግቢ ውስጥ መሥራት ይፈቀዳል። በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በእረፍት ሙሉ ሰዓት። እሺ፣ ግን ክረምት ላይ ግቢው ጭር ይላል። ካፍቴሪያው ግማሹ ዝግ ነው። ለቀረችው አንዲት ቦታ ስንቱ ይሻማል!

ከግቢ ውጪስ? ሲፒቲ የሚባል ፈቃድ አለ። አብዛኛው ተማሪ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ካልጨረሰ አያገኘውም። ሥራው ከትምህርቱ ጋር ካልተያያዘም የለም። ፈቃድ ስጠይቅ ዩኒቨርሲቲው «የቅጥር ደብዳቤ አምጣ» ይለኛል። ቀጣሪው ደግሞ «መጀመሪያ ፈቃድህን አሳየኝ» ይላል። ታዲያ የቱን ላስቀድም?

«ዝም ብለህ በካሽ ሥራ» የሚለኝም አይጠፋም። ቪዛዬስ? ስንት ሌሊት ያፈጠጥኩበት ትምህርትስ? በሕግ ልሥራ ያለ ሰው ለምን ይንገላታል? የቤት ኪራዩ እንደሆነ ፈቃድ እስካገኝ አይጠብቀኝም።