ደቦስ በጎ ፈቃድ አይደለም?

ያነበብሁት አንድ ጽሑፍ በጎ ፈቃደኝነትን ክረምት ሲመጣ ብቻ የሚታወስ የወጣቶች አገልግሎት ማስመሰሉ ቅር አሰኝቶኛል። ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ጤፍ ኅዳር ላይ ሲደርስ ጎረምሶቹ ጎህ ሳይቀድ ማጭዳቸውን ይዘው ከማሳው ይገኙ ነበር። ወንፈል ቢሆን ብድር አለበት፤ ዛሬ ያጨድሁልህን ነገ ታጭድልኛለህ። የእሷ ግን ደቦ ነበር፣ ዋጋውም ጠላና ንፍሮ። ጠላው የቀጠነ እንደሆነ ደግሞ ሐሜቱ እስከ ፋሲካ ይዘልቃል!

የክረምቱን ሥራ ማጣጣሌ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲጀመር እኔም ዶማ ይዤ ወጥቻለሁ። ችግሩ ከፎቶው በኋላ ነው። እኛው ከተከልናቸው መካከል አንዱን የደረቀ ችግኝ በዓመቱ ነቅዬ ባየው፣ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ተቀብሮ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምዟል። ፕላስቲኩን ቀድዶ ማውጣት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር። በበጋውም አንድ ጀሪካን ውኃ ያመላለሰ ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጎረቤታሞች አርባ ችግኝ ተከፋፍለን እንጠብቃለን። ቲሸርት የለንም። አሥራ አንዱን ፍየል በልቶብናል።