እርማት፦ «ሆን ብሎ አይደለም» ከካሳ አያድንም

ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ጣርማበር ላይ ጉድጓድ ገብተው እግራቸው ሲሰበር «ቆፋሪው ሆን ብሎ ስላልጎዳቸው ካሳ የለም» ማለትህ ትክክል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2029፣ ጥፋት በቸልተኝነትም፣ ማድረግ የሚገባን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ይናገራል። እዚያ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እግሩን አያይም፤ መንገድ ዳር ቆፍሮ አንድ እንጨት እንኳ ሳያጋድም የሄደ ሰው ክፋት አይኑርበት እንጂ ጥፋት አለበት። ዳኛው የሚጠይቀው አስተዋይ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብሎ ነው። (ወንጀል ሌላ ነው፤ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ ለይቶ ሲደነግግ ብቻ ነው።) በእንስሳማ ይብሳል፦ በሬህ ገመድ በጥሶ ሰው ቢወጋ፣ ሳታስበው ቢያመልጥህም በአንቀጽ 2071 ተጠያቂ ነህ። እባክህ ለጎረቤትህ ንገራቸው፤ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።